በር ላይ የተቀመጠው ሳጥን

ካርቱም፣ ቡሪ ሰፈር ውስጥ የምንኖርበት ሖሽ ከኋላው አንድ መኽዘን አለው። ሖሽ እዚህ ግቢውን ነው የሚሉት፤ መኽዘን ደግሞ የዕቃ ማስቀመጫውን። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮውን ነፋስ እንዳይወስደው አሮጌ የመኪና ጎማ ተጭኖበታል። አንዲት ጠባብ መስኮት አለችው፤ ከሰዓት በኋላ በእሷ በኩል የምትገባው ፀሐይ መሬቱ ላይ የመጽሐፍ ገጽ የምታክል ብርሃን ትጥላለች። የግቢው ባለቤት አሮጊቷ ሃጃ፣ ባላቸው በሕይወት ሳሉ፣ ፍየል ያስሩበት እንደነበር ይናገራሉ። ሲዘንብ አሁንም ፍየል ፍየል ይሸታል።

እኔ ያንን መኽዘን ከልጅነቴ ጀምሮ እፈልገው ነበር። እናቴና እኔ ያለን አንድ ክፍልና አንድ በረንዳ ነው። የማጠናው በረንዳው ላይ ነበር፤ የሃጃ ቴሌቪዥን ደግሞ ከበረንዳው ማዶ ነው፤ ጆሯቸው ስለደከመ ድምፁን እስከ መጨረሻው ይከፍቱታል። አንድ ቀን መጽሐፌን ጭኔ ላይ ይዤ ሳለቅስ እናቴ ደረሰችብኝ። አጠገቤ ተቀምጣ እንባዬን በሻርፏ ጠረገችና «አይዞሽ፣ ጃሚዓ የገባሽ ቀን መኽዘኑ ያንቺ ነው» አለችኝ። ጃሚዓ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያን ቃሏን ይዤ አደግሁ ብል ማጋነን አይሆንም።

መኽዘኑ ግን ባዶ አልነበረም። እናቴ ሪያድ በሚባለው የካርቱም ሰፈር ያሉ ቤቶችን ቀን ቀን እያጸዳች ማታ ወደ ቤቷ ትመለሳለች፤ አብዛኞቹ ከወሎ የመጡ ጓደኞቿ ግን እዚያው ማዳሞቻቸው ቤት ያድራሉ። ማዳም ቤት የሚያድር ሰው የራሱ የሚለው ቦታ የለውም። የሚሰጡት ክፍል ከኩሽናው ጎን ያለ ጠባብ ጥግ ነው፤ እዚያ የተቀመጠ ዕቃም የማዳም ዓይን አይለየውም። ስለዚህ ለአገር ቤት ብለው የሚገዙትን ብርድ ልብስ፣ ድስት፣ ፔርሙዝና ጨርቃ ጨርቅ በየሻንጣቸው እያደረጉ እናቴ ዘንድ ያስቀምጣሉ። የመኽዘኑ ቁልፍ በጥቁር ክር ከእናቴ አንገት አይወርድም። ጁምዓ የዕረፍት ቀናቸው ነው። በሃፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ፣ ተጭነው ይመጡና ሻንጣቸውን ከፍተው ዕቃቸውን ያናፍሳሉ፣ አንዷ ያንዷን ታያለች፣ አዲስ የተጨመረው እጅ ለእጅ ይዞራል።

ይህ የጁምዓ ማናፈስ ሁለት ሕግ አለው። ማን እንዳወጣው አላውቅም። አንደኛው፣ የሰው ዕቃ ሲከፈት ያየ ሁሉ «ማሻአላህ» ይላል። ያላለ ሰው ዓይኑ ይፈራል፤ ብርጭቆ ቢሰነጠቅ፣ ልብስ ብል ቢበላው ያቺ ዝም ያለችው ትታወሳለች። ሁለተኛው ስለ ቦታ ነው። ወደ አገሯ ልትገባ የተቃረበች ሴት ሻንጣዋ ከበሩ አጠገብ ይሆናል፤ ገና ብዙ የምትቆየዋ ወደ ውስጥ ትገፋለች። አንዷ ስትሄድ ከኋላዋ ያሉት ወደ በሩ ጠጋ ይላሉ። መኽዘኑን ከፍቶ ያየ ሰው ማን መቼ እንደምትሄድ መጠየቅ አያስፈልገውም። የአንዷ ሻንጣ በር ሲደርስ እልል ይባላል። በር የደረሰ ሻንጣ ደግሞ ወደ ኋላ አይመለስም፤ ከተመለሰ ባለቤቱን መንገድ ላይ ያስቀራል ይላሉ።

ከሁሉም ኋላ፣ ከመስኮቷ ሥር፣ የእናቴ አረንጓዴ የብረት ሳጥን ነበር። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ ያለ ሳጥን ነው። ሲናፈስ አይቼው አላውቅም።

«እትዬ፣ ያንቺ ሳጥን እኮ ሥር ሰደደ!» ይሏታል ሴቶቹ።

«ዘበኛ ቀድሞ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ?» ትላቸዋለች።

ዘንድሮ ውጤቴ መጥቶ ጃሚዓ ስገባ በሐሳቤ መኽዘኑን ስንቴ እንዳደራጀሁት አትጠይቁኝ። ሻንጣዎቹንና ሳጥኑን በአንድ ወገን ደርድሬ፣ ጠረጴዛዬን ከመስኮቷ ሥር አስገብቼ፣ ያቺን የገጽ ያህል ብርሃን ደብተሬ ላይ አሳርፌያለሁ። እናቴን ለማስታወስ አፍሬ ዝም አልኩ፤ ራሷ ትለኛለች ብዬ።

ትምህርት ሊጀመር ሲል የአክስቴ ልጅ መጣች። በራክሻ፣ ባጃጅ በሚባለው፣ ሁለት ሻንጣና በላስቲክ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ ይዛ። በዕድሜ እኩያዬ ናት። ካርቱም ከመጣች ሁለት ዓመት ቢሆናትም እኛ ዘንድ የምትመጣው በዒድ ብቻ ነበር፤ ማዳሟ ጁምዓ አትለቃትም። አሁን የማዳሟ ቤተሰብ ጠቅልሎ ዱባይ ሄደ። ልጅቷም አገሯ ልትገባ ወሰነች፤ ግን ክረምቱ አልፎ መንገዱ እስኪደርቅ መቆየት ነበረባት። እናቴ ቁልፉን ከአንገቷ አውጥታ መኽዘኑን ከፈተች፣ የሃጃን ትርፍ አንገረብ፣ ያንን በገመድ የተጠለፈ አልጋ፣ አስገባች። የዘረጋችው ከመስኮቷ ጎን፣ ጠረጴዛዬን በሐሳቤ ካኖርኩበት ቦታ ላይ ነው።

እናቴን ወደ ጎን ጠርቼ «መኽዘኑ እኮ...» አልኳት።

«እህትሽ ናት። ሁለት ዓመት ሙሉ ኩሽና ጥግ ስትተኛ የኖረች ልጅ ናት። ለጥቂት ጊዜ እንኳ የራሷ በር ይኑራት።»

«የኔስ በር?»

«ያንቺማ የት ይሄዳል!»

ልጅቷ ግድግዳውን ኖራ ቀባች። ወለሉን ውሃ እየረጨች ደጋግማ ጠርጋ ድንጋይ አስመሰለችው። ሃጃ፣ ለእኔ ከመላላክ በቀር ምንም ሰጥተውኝ የማያውቁት ሃጃ፣ ቢጫ አበባ ያለው አሮጌ ቶባቸውን፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበትን ረጅም ጨርቅ፣ ሰጧት፤ ለሁለት ቀድዳ መጋረጃ አደረገችው። ሻንጣዎቹን በየተራቸው አስተካክላ፣ ላያቸው ላይ ንጹሕ አንሶላ አለበሰች። መኽዘኑ አማረበት። ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ ደስ ብሎት አይጽፈውም። እኔ ለዓመታት የተመኘሁትን እሷ በሁለትና ሦስት ቀን ሠራችው፤ ያውም ከተመኘሁት አሳምራ።

«ነይ ግቢ እንጂ፣ የጃሚዓ ልጅ!» ትለኛለች መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ። «መታወቂያ አንጠይቅም!»

«ጥናት አለኝ» እላለሁ። በረንዳው ላይ ተቀምጬ ያንኑ አንድ መስመር እየደጋገምኩ አነባለሁ፤ ከመኽዘኑ በኩል የሁለቱ ሳቅ ይመጣል። ሁለቱ ያልኩት እሷንና እናቴን ነው።

እናቴ ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ወደዚያ ትሄድ ጀመር። የእናቴን ፀጉር የምሠራው እኔ ነበርኩ። እጄ ጎበዝ አይደለም፤ ወይ አጠብቀዋለሁ ወይ ይፈታል፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላማረረችም። አሁን የአክስቴ ልጅ አንገረቡ ላይ ተቀምጣ ትሠራላታለች፤ እናቴ ከሥሯ ምንጣፍ ላይ ሆና ጭንቅላቷን የልጅቷ ጉልበት ላይ ጥላ ዓይኗን ትጨፍናለች። ሹሩባው ቀጥ ያለ፣ እንደ ተሰመረ ነው። እየሠሩ ያወራሉ፤ ስለ አንድ ወንዝ፣ ስለ አንድ የጎረቤት በቅሎ፣ ሠርግ ላይ ስለ ወደቀ ሰውዬ። ወንዙን አላውቀውም፣ በቅሎዋንም አላውቃትም።

«ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

እናቴ እንባዋን እየጠረገች «ተይው፣ ብንነግርሽም አያስቅሽ» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የባሰ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

በምችለው ሁሉ ሞከርኩ። ሳልታዘዝ ዕቃ አጠብኩ። የመጀመሪያውን ፈተና ከክፍሉ በላጭ ነጥብ አግኝቼ ወረቀቱን ይዤ መኽዘኑ በር ላይ ቆምኩ። እናቴ ፀጉሯ እየተሠራ ስለነበር መዞር አልቻለችም። «አላህ ይባርክሽ» አለች ፊቷን ወደ ግድግዳው እንዳደረገች። ወረቀቱን ያየችው የአክስቴ ልጅ ናት። «ማሻአላህ!» አለች ጮክ ብላ። ከእሷ አፍ አልፈለግሁትም ነበር። ከዚያ እናቴ «ልጄ፣ ያን ማበጠሪያ አቀብዪኝ» ስትል እኔ እጄን ልዘረጋ ስል የአክስቴ ልጅ አቀበለቻት። ልጄ ያለችው እሷን ነው።

ትልቁ ዝናብ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሖሹ ጭቃ ሆነ፤ በየቦታው ጡብ ጥለን እየዘለልን እንሄድ ጀመር። ከጃሚዓ ጫማዬን በእጄ ይዤ ስመለስ የመኽዘኑ በር ተከፍቶ ውስጡ ማንም የለም። የአክስቴ ልጅ ሻንጣዎች በገመድ ታስረው በሩ አጠገብ ቆመዋል። ከጎናቸው፣ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ፣ የእናቴ አረንጓዴ ሳጥን። ከመስኮቷ ሥር፣ ኖሮ ኖሮ የተነሣበት መሬት ላይ፣ የሳጥኑ ልክ ጠቁሮ ቀርቷል።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። በዚያ ሖሽ ያደገ ሰው ይህን አይቶ ሌላ ነገር ሊያስብ አይችልም። እናቴ ልትሄድ ነው። ከእሷ ጋር ልትሄድ ነው። ለእኔም አልነገረችኝም። እኔ ደግሞ ከሃጃና ከቴሌቪዥናቸው ጋር እቀራለሁ፤ መኽዘኑም፣ ያ የተመኘሁት መኽዘን፣ እንዲህ ሆኖ ሊሰጠኝ ነው።

አልጠየቅሁም። ከጠየቅሁ «አዎ» የምትለኝ መሰለኝ። ሳልጠይቅ ግን ማስረጃ መሰብሰብ ጀመርኩ። እናቴ አዲስ ገመድ ገዛች። እናቴ ስለ መንገዱ ሃጃን ጠየቀች። ሁለቱ ሲያወሩ እኔ ስገባ ወሬው ቀዝቀዝ አለ፤ ወይም እንደዚያ መሰለኝ። ምሳ ላይ እጄን ሰበሰብኩ።

«ምነው አትበዪም?» አለች እናቴ።

«ጠገብኩ።»

«ምን በልተሽ?»

«መጽሐፍ ነዋ!» አለች የአክስቴ ልጅ። «ማዳሜ ድመት ነበረቻት፤ ልክ እንዲህ ስታኮርፍ ሳህኗን በእግሯ ትገፋ ነበር።» እናቴ ሳቀች። እኔ ተነሥቼ ሄድኩ።

ጁምዓ ደረሰ። ሴቶቹ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ከጡብ ጡብ እየዘለሉ፣ እየተደጋገፉ መጡ። ፊት የነበረችው ከሁሉም በዕድሜ ጠና ያለችው፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር የምትሠራው ሴት ነበረች። የመኽዘኑን በር ገፋ አድርጋ አየችና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያ ሳጥን! የእትዬ ሳጥን! ኧረ እልል በሉ፣ ምን ትጠብቃላችሁ!»

እልልታው ቆርቆሮውን አንቀጠቀጠው። ሃጃ «ያ ቢት፣ አንቺ ልጅ፣ ማን አገባ?» እያሉ ከቤታቸው ወጡ። እናቴ በላስቲክ ዳቦ ይዛ ከሱቅ ስትገባ ተረባርበው አቀፏት።

«እንኳን ደስ ያለሽ! ዘበኛዋም ወጣች!»

«አላህ በሰላም ያግባሽ እትዬ! ያገርሽን አፈር ለመርገጥ ያብቃሽ!»

እናቴ በትከሻቸው ላይ አሻግራ ሳጥኗን አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቀስ ብላ «አሚን» አለች።

ያ አሚን አስፈነጠረኝ። ስናደድ ዐረብኛዬ ነው የሚቀድመኝ፤ የዚያን ዕለት ግን በአማርኛ ነው የወጣልኝ። «እኔንስ ለማን ትተሽ?»

እልልታው ጸጥ አለ። የአክስቴ ልጅ ከቧንቧው የቀዳችውን ውሃ በባልዲ ይዛ ከኋላ ብቅ አለች።

«ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም። አክስትሽ ልትገባ ነው እንጂ» አለቻት አንዷ።

«የት?»

«አገሯ ነዋ! ሳጥኗን በር አውጥታ የለ!»

ልጅቷ ባልዲውን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ እኮ ያወጣሁት! የኋላው ግድግዳ ውሃ አስገባ፤ ከሥሩ ረጥቦ አገኘሁት። እንዳይዝግ ብዬ በሩ ጋ፣ ነፋስ ወዳለበት ጎተትኩት። ምን አጠፋሁ?»

ጁምዓ ተለቃ የማታውቅ ሰው የጁምዓን ሕግ ከየት ታውቃለች? ሴቶቹ እስኪቀመጡ ድረስ ሳቁ። አንዷ ጭቃው ላይ ልትወድቅ ሌላዋ ያዘቻት። ጠና ያለችው ሴት ብቻ አልሳቀችም።

«ሳቁ እናንተ» አለች። «በር የደረሰ ግን አይመለስም።»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

«እዚያው ይቀመጣላ።»

እናቴ ዳቦውን ለእኔ አቀበለችኝና ሳጥኑ ፊት ቁጭ አለች። «ከወጣ አይቀር ይናፈስ» አለች። ሁሉም ከበቧት። ክዳኑ እያቃሰተ ተከፈተ፤ «ማሻአላህ፣ ማሻአላህ» ከየአፉ ወጣ። እኔ ከትከሻቸው በላይ ሆኜ አየሁ። ሲኒና ሳህን ያለበት ይመስለኝ ነበር፤ አንድ ቀን ለእኔ የሚሆን። ከላይ መጋረጃ ነበር። ከሥሩ በዘይት በራሰ ጋዜጣ የተጠቀለለ የበር ቁልፍ፣ ትልቅ፣ ከነእጀታው። ማጠፊያዎች። የመስኮት መሸጎሪያ። የቧንቧ ራስ። ሙሉ ቤት ነበር፤ የጎደለው ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ነው። የአክስቴና የእናቴ መሬት ላይ፣ ያ ወንዝ ባለበት፣ አንድ ቀን የሚሠራ ቤት።

ጠና ያለችዋ ሴት በክርኗ ነካ አደረገችኝ። «አንቺስ፣ ማሻአላህ አትይም?»

አላልኩም። አልወጣልኝም።

እናቴ መክፈቻውን ከቁልፉ ውስጥ አስገብታ አዞረችው። መቀርቀሪያው ወጣ፣ ገባ። «ዘይቱ ሊደርቅ ነው» አለችና ለአክስቴ ልጅ ዘረጋችላት። «እንኪ፣ የእናትሽን ቤት ይዝጋ።»

«አክስቴ! ይሄ እኮ ያንቺ ነው።»

«የኔ ቤት ገና ነው።» በአገጯ ወደ እኔ ጠቆመች። «ይቺ ትጨርስ መጀመሪያ።»

እናቴ እንደማትሄድ በዚያች አንድ ቃል ገባኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም አለኝ። ግን ዓይኔ ከቁልፉ ላይ አልተነሣም። ከደቂቃዎች በፊት መኖሩን እንኳ የማላውቀው ቁልፍ በእሷ እጅ ሲገባ የኔ በሆነ አልኩ። ቅናት ቤት ሲፈልግ ጠባብ ነው፣ ሰፊ ነው አይልም።

ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ የረጠበውን ግድግዳ አብረን ስንጠርግ የአክስቴ ልጅ ሳትዞር «ትቀኚብኛለሽ አይደል?» አለችኝ።

«እኔ?»

«ታዲያ ሃጃ ናቸው? እኔም እቀናብሽ ነበር። እናትሽ ከሥራ ስትወጣ በማዳሜ በር ታልፍ ነበር። በበሩ ቀዳዳ ዳቦ ትሰጠኝና ‹ልጄ ትጠብቀኛለች› ብላ ትሄዳለች። እሷ እናት አላት፣ እኔ ሻንጣ አለኝ እል ነበር።»

«እናትሽ እኮ አለች።»

«አለች፤ ስልኬ ውስጥ» አለችና ሳቀች። መጥረጊያውን ተቀበልኳት።

መንገዱ ሲደርቅ ሄደች። ሃጃ ግንባሯን ሳሙት። እናቴ ስታለቅስ እኔ ሻንጣዋን ራክሻው ላይ ጫንኩ፤ ቁልፉ ያለበት ሻንጣ ከበደኝ። ከዚያ እናቴ ጥቁሩን ክር ከአንገቷ አውልቃ በእኔ አንገት አደረገችው።

ጠረጴዛዬ አሁን ከመስኮቷ ሥር ነው። መጋረጃውን አላወረድኩትም። የሴቶቹ ሻንጣዎች በየተራቸው ከበውኛል፤ አረንጓዴው ሳጥን ደግሞ በር ላይ እንዳለ ነው። በእሱ ምክንያት በሩ እስከ ግማሽ ብቻ ይከፈታል፤ ስገባም ስወጣም በጎኔ ነው። አንድ ቀን ትንሽ ወደ ውስጥ ልገፋው ስል እናቴ ከግቢው «ተይው!» አለችኝ፤ ተውኩት። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ሴቶቹ «መቼ ነው እትዬ?» ይሏታል። እሷም «ልጄ ስትጨርስ፣ ኢንሻአላህ» ትላቸዋለች። ልጄ ስትል እኔን እንደሆነ ለማረጋገጥ ከደብተሬ ቀና እላለሁ።

ባለፈው ጁምዓ ከወሎ ፎቶ መጣላት። አዲስ የእንጨት በር፣ መሃሉ ላይ ያ ቁልፍ፤ ከጎኑ የአክስቴ ልጅ እጀታውን ይዛ ቆማለች። እናቴ በሁለት ጣቷ ፎቶውን እየለጠጠች፣ ቁልፉን ብቻ እያጎላች፣ ስልኩን አልለቅ አለች። እኔም ከትከሻዋ በላይ ሆኜ አየሁ። እንደ ድሮው ያ ቅናት ተነሣብኝ።

«ማሻአላህ በዪ እንጂ» አለችኝ ሳትዞር።

«ማሻአላህ» አልኩ።

ከዚያ ሳጥኑን በጎኔ አልፌ ወደ ጥናቴ ገባሁ።